የእህቴን ልጅ ከነርሲንግ እንዳስቀራት ተለመንኩ። አላስቀራትም

የጨቅላዎች ሲስተር
እሁድ፣ ከቀኑ 8:40

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ትናንት እህቴ ደወለችልኝ። ልጇ ፍሬሽማን ጨርሳ ዲፓርትመንት ልትሞላ ነው። አንደኛ ምርጫዋ ነርሲንግ ነው አለች። እህቴ ድምጿ እየተቆራረጠ ነበር። «ያንቺን ድካም በዓይኔ አይቻለሁ። አንቺን ትሰማለች፤ እባክሽ ተይው በያት» አለችኝ። እሺ ብዬ ዘጋሁ። ማታ ዱቲ ገባሁ። ጠዋት ስወጣ ግን ልነግራት የምፈልገው ሌላ ሆኖ አገኘሁት። እዚህ የምጽፈው ለልጅቷ የምልክላትን ነው። የሳትኩት ካለ አርሙኝ፤ ያላችሁን ጨምሩበት።

የምሠራው እዚሁ ሐዋሳ ነው። ነርስ ከሆንኩ 11 ዓመቴ። 7ቱን ዓመት ያለ ቀናቸው የተወለዱ ሕፃናት ክፍል ነው ያሳለፍኩት።

ባለፈው ወር 1,250 ግራም የሚመዝን ልጅ ተቀበልን። ከአንድ ኪሎ ስኳር ትንሽ ይበልጣል። እንዲህ ያሉ ልጆች በመጀመሪያው ሳምንት ጭራሽ ይቀንሳሉ። ያለ ነገር ነው፤ እናት ግን ይህን ከየት ታውቃለች? በየቀኑ ሚዛን ላይ ሲወጣ ቁጥሩ ሲወርድ ታያለች። እናቲቱ ከገጠር የመጣች ናት። አማርኛዋ ትንሽ ነው፤ የእኔ ሲዳምኛ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። «ኬሬ፣ ኬሬ» እላታለሁ። ሰላም ነው ማለቴ ነው። ወተቷን እያለበች ታመጣለች። በአፍንጫው በገባች ቀጭን ቱቦ በየ2 ሰዓቱ ጥቂት ሚሊ ሊትር እንሰጠዋለን። በ11ኛው ቀን ልጁ 20 ግራም ጨመረ። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ስኳር እንኳን አይሆንም። ቁጥሩን በጣቴ አሳየኋት። ሚዛኑን አየች፣ እኔን አየች፣ ከዚያ እጄን ይዛ ግንባሯ ላይ አደረገችው።

ሐኪሙ ራውንድ ሲመጣ ያን 20 ግራም ቻርት ላይ ያነበዋል። ደስም ይለዋል። እኔ ግን ልጁን ከሚዛኑ ሳነሳው ክብደቱ እጄ ላይ ነበር። ነርስነት ለእኔ ይሄ ነው። ለውጡ ሲመጣ እዚያው ነሽ። አንዳንዴ ማንም ሳያየው አንቺ ቀድመሽ ታይዋለሽ።

እነዚህ ልጆች መተንፈስ ይረሳሉ። አእምሯቸው ገና ስላልበሰለ ነው። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ፣ ሁሉ ነገር ጭጭ ባለበት፣ ሞኒተሩ ይጮኻል። ሄደሽ የእግሩን መዳፍ ታሺዋለሽ፤ ጀርባውን ትዳብሺዋለሽ። ሁለት ሦስት ሰከንድ ነው። ግን ረጅም ነው። ከዚያ ደረቱ ከፍ ይላል። ለዚህ ችግር ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዱ ካፌይን ነው፤ ቡናችን ውስጥ ያለው ያው ካፌይን። (ተመጥኖ የተዘጋጀ መድኃኒት ነው። ለሕፃን ቡና አይሰጥም፣ አደራ!) ቡና በሚበቅልበት አገር ተወልጄ ይህን በተማርኩ ቀን በጣም ነው የገረመኝ።

ካንጋሩ የምንለውም አለ። ልጁን ዳይፐርና ኮፍያ ብቻ አድርገን እናቱ ደረት ላይ፣ ቆዳ ለቆዳ እናስተኛዋለን። በጨርቅ አብረን እናስራቸዋለን። የተጀመረው በ1978 እ.ኤ.አ. ቦጎታ፣ ኮሎምቢያ ውስጥ ነው። ማሞቂያ ሳጥን ስላልበቃቸው የእናትን ደረት ማሞቂያ አደረጉት። አሁን የዓለም ጤና ድርጅት ሳጥን ያለበትም ሆነ የሌለበት አገር ልጁ እንደተወለደ ቶሎ እንዲጀምረው ይመክራል። ልጁ ደረቷ ላይ ሲያርፍ ትንፋሹ ሲረጋጋ ይታወቅሻል። የእናቲቱም ትከሻ ሲወርድ ታያለሽ። ያን ጊዜ ማንም ምንም ባይለኝ ደስ ይለኛል።

ድካሙን አልደብቃትም። ገና ስም ሳይወጣላቸው እጄ ላይ ያረፉ ልጆች አሉ። እስካሁን የማስታውሳቸው አሉ። እህቴ ልክ ናት፣ ደክሞኝ ነው የምታየኝ። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ቤቴ ስትመጣ መጋረጃ ዘግቼ ተኝቼ ታገኘኛለች። የሌሊቱን 9 ሰዓት ግን አይታው አታውቅም።

አቶቴ
እሁድ፣ ከምሽቱ 1:15

ሲስተር፣ እጅሽ ይባረክ። እኔ ወንድ ነርስ ነኝ፤ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ነው የምሠራው። አስታማሚ ሁሉ «ዶክተር» ይለኛል። «ነርስ ነኝ እናቴ» እላለሁ። ሁልጊዜ። በስሜ ብጠራ ደስ ስለሚለኝ ነው።

ለልጅቷ አንድ ነገር ልንገራት። ራሱን ስቶ የተኛ ሰው በየ2 ሰዓቱ ካልተገላበጠ ቆዳው ይቆስላል። መቀመጫው፣ ተረከዙ፣ የዳሌው አጥንት። ቁስሉ አንዴ ከጀመረ መከራ ነው፤ ኢንፌክሽን ይገባበታል፤ ከመጣበት በሽታ በላይ ሊጎዳው ይችላል። በሞተር ሳይክል አደጋ የመጣ አንድ ወጣት ነበረን። ከሁለት ወር በላይ ተኛ። ተረኛው ሁሉ አገላበጠው። እኔም አገላበጥኩት። ከባድ ልጅ ነበር፤ ወገቤ ይመሰክራል። ነቅቶ ወደ ዋርድ ሲዛወር ተቀባይዋ ነርስ እንደ ደንቡ ገልብጣ ጀርባውን አየችው። አንዲት ቁስል የለም። ቀና ብላ አየችኝና «ጎበዞች ናችሁ» አለች።

ሁለት ቃል ናት። ሥራውን ከሚያውቅ ሰው ግን ነው የመጣችው። እስካሁን ይዣታለሁ።

ዱቲ በቃኝ
እሁድ፣ ከምሽቱ 3:02

እህቴ፣ አከብርሻለሁ። የጻፍሽው ሁሉ እውነት ነው። ግን ልጅቷ ሙሉውን ትስማ።

እኔ 6 ዓመት ሠርቼ ወጥቻለሁ። የሠራሁበትን ቦታ አልጠራም። የዱቲ ክፍያ 5 ወር ዘግይቶብን ያውቃል። ሌሊት ብቻዬን ዋርድ ሙሉ በሽተኛ ይዤ አድሬያለሁ። አንድ አስታማሚ አባቱ ስለሞቱበት በጥፊ መቶኛል። ማንም «ይቅርታ» አላለኝም። በማግስቱ ተረኛ ነበርኩ፤ ገባሁ። አሁን የመድኃኒት አከፋፋይ ዘንድ ነው የምሠራው። ሌሊት እተኛለሁ። የቤት ኪራይ የሚከፈለው በብር ነው፤ በሽተኛ ዳነ ብዬ አከራዬን እሺ አላሰኘውም።

የጨቅላዎች ሲስተር
እሁድ፣ ከምሽቱ 3:30

የእኔ እህት፣ አንድም ቃል አልቃወምሽም። ጥፊውን ሳነብ እጄ ነው የተንቀጠቀጠው። ልጅቷ ይህንንም ታነበዋለች፤ አልቆርጥባትም። ክፍያውም፣ የሰው ቁጥሩም መስተካከል አለበት። ሥራውን እወደዋለሁ ማለት በነፃ ልሥራ ማለት አይደለም። እንዲያውም ስለምወደው ነው የሚያበሳጨኝ።

ታቦር ሥር
ሰኞ፣ ከጠዋቱ 1:20

እኔ ደግሞ ጤና ጣቢያ፣ ክትባት ክፍል ነኝ። ሐይቁን እንጂ ሌሊቱን አላየውም፤ ቀን ቀን ነው የምሠራው። ነርስ ሲባል ሰው የሚያስበው አልጋና ደም ነው። እኛም አለን።

የእኛ ሥራ በ6ኛ፣ በ10ኛ እና በ14ኛ ሳምንት የሚመጡ ልጆችን መጠበቅ ነው። ከዚያ ለኩፍኝ በ9 ወርና በ15 ወር። የማቀዝቀዣውን ሙቀት ጠዋትና ማታ እመዘግባለሁ፤ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መሆን አለበት። መብራት ሲጠፋ ቤቴ ሆኜ እንኳን ልቤ እዚያ ነው። ያላመጣችው እናት ቤት ድረስ ይደወላል፤ ስልክ ከሌላት በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በኩል ይላካል።

የእኛ ሥራ ሲሳካ ምንም አይታይም። ኩፍኝ ያልያዘው ልጅ መጥቶ አያመሰግንም፤ ሊይዘው እንደነበረ አያውቅማ። ግን ጠዋት ባጃጅ ውስጥ ሆኜ ዩኒፎርም ለብሰው ትምህርት ቤት የሚሄዱትን ሳይ ስንቱን እንደወጋሁ አስባለሁ። አንዳንዱን በመልኩ አውቀዋለሁ። አንዷ እንዲያውም አሁንም ስታየኝ እናቷ ቀሚስ ሥር ትገባለች።

ገና ተማሪ
ሰኞ፣ ከቀኑ 6:10

ሰላም። እኔም እንደ እህትሽ ልጅ ነርሲንግ ልሞላ እያሰብኩ ነው። ግን ደም ሳይ ዓይኔ ይጨልምብኛል። አንዴ የወንድሜ እግር ተቆርጦ ሲሰፋ እያየሁ ወድቄያለሁ። እንደዚህ ሆኜ ይቻላል? እባካችሁ እውነቱን ንገሩኝ።

አቶቴ
ሰኞ፣ ከቀኑ 6:48

ይቻላል ወንድሜ (ወይም እህቴ)። እኔ የመጀመሪያ ቀን ኦፕሬሽን ክፍል ወድቄያለሁ። አብሮኝ የተማረ ልጅም ወድቋል፤ ዛሬ ጎበዝ የኦፕሬሽን ክፍል ነርስ ነው።

ቁርስ ሳትበላ እንዳትገባ። ጉልበትህን ገትረህ አትቁም፤ ትንሽ እጠፍ አድርገው። ላብ ሲያጠምቅህ፣ ጆሮህ ሲጮህ ሊመጣ ነው ማለት ነው። የጭንህንና የሆድህን ጡንቻ ጭምቅ አድርግ። ካልቆመ ለአስተማሪህ ንገረውና ወለል ላይ ቁጭ በል። ማንም አይስቅብህም። አብዛኛውን ሰው እያደር ይለቀዋል፤ በተለይ ዳር ቆሞ ማየት ቀርቶ እጅህ ሥራ ሲይዝ።

የጨቅላዎች ሲስተር
ሰኞ፣ ከቀኑ 7:05

በዚያ ላይ ነርስነት ሁሉ ደም አይደለም። የአእምሮ ጤና ነርስ አለ፣ የሕፃናት አለ፣ የማኅበረሰብ ጤና አለ፣ ታቦር ሥር እንዳለችው ክትባት አለ። በ4 ዓመቱ ዲግሪ ሁሉንም ትዞሪበታለሽ። የትኛው እንደሚስብሽ ያኔ ይለያል። እኔ ራሴ ሕፃን ክፍል እገባለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ጡረተኛ ድሬሰር
ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:20

ልጆቼ፣ እንደምን አመሻችሁ። የልጅ ልጄ አነበበችልኝ፤ እኔ እየተናገርኩ እሷ ናት የምትጽፈው። ዕድሜዬ 75 ደርሷል። በእኛ ጊዜ ድሬሰር እንባል ነበር። ቁስል እናጥባለን፣ መርፌ እንወጋለን፣ ሐኪም በሌለበት ሁሉንም እንሆናለን።

ያቺ የክትባቷ ልጅ «ሥራችን ሲሳካ ምንም አይታይም» ያለችው ልቤን ነካው። እኔ ወጣት ሳለሁ ፈንጣጣ የሚባል ነበር። እናንተ ፊቱ የተቦረቦረ ሽማግሌ ካላያችሁ አታውቁትም። የማጥፋቱ ሥራ በአገራችን የተጀመረው በ1963 ዓ.ም. ነው። እኔ ሲዳሞ ደጋ ውስጥ ነበርኩ። መኪና እስከሚሄድበት በመኪና፣ ከዚያ በበቅሎ፣ ከዚያ በእግር። መርፌያችን ጫፏ እንደ ሹካ ለሁለት የተከፈለች ነበረች። ክትባቱ ውስጥ ትነከራለች፤ በሁለቱ ጥርሶቿ መሀል አንድ ጠብታ ይያዛል። ከዚያ ክንድ ላይ 15 ጊዜ ቶሎ ቶሎ ጠቅ ጠቅ ይደረጋል። ክትባቱ ደርቆ የተዘጋጀ ስለሆነ እንደ ዛሬው በረዶ ተሸክመን አንሄድም ነበር። ያ ባይሆን እዚያ አገር አይደረስም።

ሰው መጀመሪያ ይሸሸን ነበር። አንዳንድ ቦታ ከበሽተኛ ቁስል ወስደው ጤነኛውን የሚከትቡ የአገር ሰዎች ነበሩ። እነሱም በራሳቸው መንገድ ሰው ሊያድኑ ነው። እኔ አልተጣላኋቸውም። አብሬ ቡና ጠጣሁ። የራሴን ክንድ አሳየሁ። አንድ ሽማግሌ «እሱ ከቆመ እኔም እቆማለሁ» ብለው ክንዳቸውን ሰጡኝ። ከኋላቸው መንደሩ ተሰለፈ።

በአገራችን የመጨረሻው ሰው የታመመው በ1968 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ ነው። የዓለም የመጨረሻው ደግሞ በ1970 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ሶማሊያ ተገኘና ከዚያ በኋላ ከሰው ወደ ሰው የሚሄደው ፈንጣጣ ቀረ። በ1972 ዓ.ም. ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ከዓለም ጠፋ ተብሎ ታወጀ። እኔ ወሬውን በሬዲዮ ነው የሰማሁት። ብቻዬን ነበርኩ። ቆሜ ሰማሁት።

ለዚያች ልጅ እናት ደግሞ ይህን ንገሩልኝ። ነርስነት ዝቅተኛ ሥራ መስሏት ከሆነ፣ የጃንሆይ ልጅ ልዕልት ፀሐይ ነርስ ነበሩ። በስደቱ ዘመን ለንደን፣ ግሬት ኦርመንድ ስትሪት በሚባለው የሕፃናት ሆስፒታል ተምረው ተመረቁ። አገር ነፃ ሲወጣ ተመለሱ። በ1934 ዓ.ም. ነቀምቴ ላይ ገና በ22 ዓመታቸው አረፉ። ዛሬ ጦር ኃይሎች የምንለው ሆስፒታል መጀመሪያ በእሳቸው ስም የተሠራ ነው። እኔ ስማር ይህን እያነሱ ነበር የሚያበረቱን።

ታቦር ሥር
ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:51

አባባ፣ እግዜር ይስጥልን። ዕድሜ ይስጥዎት። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ነገ ጠዋት ክፍሌ ገብቼ ያን ማቀዝቀዣ ሳየው እርስዎን አስባለሁ። የልጅ ልጅዎንም አመስግኑልን።

ከሪያድ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 5:40

ከሐዋሳ ወጥቼ ሪያድ ነው የምሠራው፤ 4 ዓመቴ። አጭር ልበል፣ ዱቲ ላይ ነኝ። ሙያው ድንበር ይሻገራል። ግን ቀላል አይደለም። የትምህርት ማስረጃሽ ዳታፍሎው በሚባል አጣሪ ድርጅት ይጣራል፤ ፕሮሜትሪክ የሚባለውን የሥራ ፈቃድ ፈተና ታልፊያለሽ፤ የሥራ ልምድ ይጠየቃል። ስለዚህ ከአሁኑ እያንዳንዱን ወረቀት በሥርዓት ያዢ። እንግሊዝኛሽን አጠንክሪ። የቤተሰቤን ቤት እዚህ ሠርቼ ነው ያሠራሁት። ደሞዙ ጥሩ ነው፣ አልዋሽም። ግን ደም ሥሩ የጠፋ ሕፃን ሲመጣ የሚጠሩት እኔን ነው። ቢጫዋን 24 ካኑላ (ቀጭኗን የደም ሥር መክፈቻ) ይዤ ገብቼ በአንዴ ስከፍት «ይህን የት ተማርሽ?» ይሉኛል። ሐዋሳ ነው የተማርኩት፤ ዕቃ በማይበቃበት፣ አንድ ካኑላ አበላሽተሽ ሌላ በማታገኚበት።

ዱቲ በቃኝ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1:33

እሁድ የጻፍኩትን አልመልስም። ሁሉም ሆኖብኛል። ግን አባባን ካነበብኩ በኋላ እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ አንድ ነገር ልጨምር።

ሥራውን ትቻለሁ፤ ሰፈሬ ግን አልተወኝም። ሌሊት የማን ልጅ ሲያተኩስ በሬ ይንኳኳል። ግፊት የምለካላቸው አራት እናቶች አሉ፤ እሁድ እሁድ ከቅዳሴ ሲመለሱ ይመጣሉ። ባለፈው ዓመት አንዷ ጎረቤቴ ከወለደች በኋላ ራሷን አመማት፣ ዓይኗ ብዥ አለባት። «ድካም ነው» ብለው ቡና ሊያፈሉላት ነበር። ለካሁት፣ 170 በ110። ወዲያው በባጃጅ ይዣት ሄድኩ። ከወለዱ በኋላም ግፊት እንደሚነሳ፣ ወደ መንቀጥቀጥ እንደሚያደርስ ብዙ ሰው አያውቅም። ዛሬ ልጇን አዝላ በበሬ ስታልፍ «ሲስተር» ትለኛለች።

ከወጣሁ ሦስት ዓመት ሆኖኛል። አሁንም ሲስተር ነኝ። ሲጠሩኝ ደስ ይለኛል። ይህንንም ለልጅቷ ላኪላት።

የጨቅላዎች ሲስተር
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:10

ልኬላታለሁ የእኔ ቆንጆ። ያቺ ሴት አንቺን ጎረቤት ባታገኝ ኖሮ ብዬ እያሰብኩ ነው። ተመለሺ አልልሽም፤ የደረሰብሽን ታውቂያለሽ። ግን አንድ ቀን ቡና እንጠጣ። ፍቅር ሐይቅ፣ በመረጥሽው ቀን።

የመንታ እናት
ረቡዕ፣ ከቀኑ 5:25

ነርስ አይደለሁም። ሳነብ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም። መንታዎቼ የተወለዱት በ31 ሳምንት ነው። 38 ቀን ሆስፒታል ነበርን። የነገሩኝን የሕክምና ቃል ሁሉ ረስቻለሁ። አንዲት ነርስ ግን ሁልጊዜ ልጆቼን ስትነካ ቀድማ ታናግራቸው ነበር። «አሁን ላነሳሽ ነው እሺ የእኔ ልጅ፣ እጄ ትንሽ ይቀዘቅዛል» ትላቸዋለች። የኪሎ ልጆች! እኔ እንኳን ለመንካት እፈራቸው ነበር። እሷን እየሰማሁ ነው ማናገር የጀመርኩት። እሷን እየሰማሁ ነው እናት የሆንኩት ብል ማጋነን አይደለም።

አሁን 4 ዓመታቸው ነው። አንዷ ለፍላፊ ናት። የዚያችን ነርስ ስም እንኳን በትክክል አልያዝኩም፤ ሁሉንም «ሲስተር» ነበር የምላቸው። እዚህ ካለሽ፣ ወይም ሌላ ሰው ከሆንሽም፣ አሞራ ገደል ዓሣ ስንበላ ሁለት ተመሳሳይ ልጆች ካየሽ ነይና አናግሪን።

የጨቅላዎች ሲስተር
እሁድ፣ ከቀኑ 9:15

ይህን ሁሉ ሰብስቤ ሐሙስ ማታ ለልጅቷ ላክሁላት። አንድም አልቀነስኩም፤ ጥፊውንም፣ የዘገየውን ክፍያም። ሌሊቱን ሙሉ አንብባዋለች መሰለኝ፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ «አክስቴ፣ ያ 1,250 ግራሙ ልጅ አሁን ስንት ገባ?» ብላ ጻፈችልኝ። ዱቲ ላይ ነበርኩ። ሄጄ ቻርቱን አይቼ መለስኩላት፤ 1,690።

አርብ ሞላች። አንደኛ ነርሲንግ።

እህቴ ሁለት ቀን አልደወለችም። ዛሬ ከቤተክርስቲያን ስትመለስ ደወለች። ስለ አየሩ፣ ስለ ሽንኩርት ዋጋ አወራን። ልትዘጋ ስትል «ለመሆኑ ነጩን ጋውን የት ነው የሚያሰፉት?» አለችኝ። ገና ብዙ ጊዜ አለው አልኳት። «ቢሆንም» አለች። ፒያሳ አንድ ጥሩ ሰፊ አለ። ቅዳሜ አብረን ልንሄድ ተቀጣጥረናል።